ሦስት ቃል ሲጠየቅ ሦስት አንቀጽ የገለበጠው እኔ ነኝ

ጽሑፍ መተንተን ስማር የተሰጠን ጥያቄ "ከጽሑፉ ውስጥ ሦስት ማሰሪያ አንቀጾችን አውጡ" ይላል። እኔ የመጨረሻዎቹን ሦስት አንቀጾች ቁጭ ብዬ ገለበጥኳቸው። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ሦስት ቃል ብቻ ጽፋ እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ አየሁና "ምስኪን፣ ከብዷት ነው" ብዬ አዘንኩላት።

ለካ ምስኪኑ እኔ ነበርኩ። በቆየው የሰዋስው ቋንቋ አንቀጽ ማለት ግስም ነው። ማሰሪያ አንቀጽ የሚባለው ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ነው። "ልጁ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ሄደ" ካላችሁ ማሰሪያው "ሄደ" ነው። በቃ። አንድ ቃል።

ሳቁ፣ ችግር የለም፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ጽሑፍ መተንተን ስጀምር መጀመሪያ የጣሉኝ እነዚህ የማውቃቸው የመሰሉኝ ቃላት ናቸው። "አናፎራ" ሲባል ማንም ሰው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። "አንቀጽ" ሲባል ግን ማን ይጠይቃል? ሐረግም እንደዚያው ነው። ሰዋስው ላይ ከዓረፍተ ነገር ያነሰ የቃላት ስብስብ ነው፤ ግጥም ላይ ስትደርሱ ደግሞ የስንኝ ክፋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ግጥም "ቤት መታ" ሲባል ስንኞቹ መጨረሻቸው ላይ ገጠሙ ማለት ነው እንጂ በር የሚያንኳኳ የለም። ስለዚህ አዲስ መጽሐፍ ስትከፍቱ የማታውቁትን ቃል ሳይሆን የምታውቁትን ቀድማችሁ ጠርጥሩት።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በእልህ ነው። ማንበብ እወዳለሁ። ግን አንድ ጽሑፍ ለምን እንደማረከኝ ስጠየቅ "ደስ ይላል"፣ "ይፈሳል"፣ "አጻጻፉ ያምራል" ከማለት አላልፍም ነበር። ነገር መፈልፈል የምትወድ ጓደኛ አለችኝ። "የቱ ጋ ነው ያማረው?" ትለኛለች። ዝም። "እሺ፣ ያላማረው የቱ ጋ ነው?" አሁንም ዝም። አንድ ቀን እንደዚህ አፋጥጣኝ ከተለያየን በኋላ የማታ ኮርስ ተመዘገብኩ።

እንደ ማንኛውም ፈሪ ተማሪ በሽምደዳ ጀመርኩ። 84 ካርድ ሠራሁ። ፊቱ ላይ ስሙ፣ ጀርባው ላይ ፍቺው። ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ አያዎ፣ እንቶኔ፣ መቼት፣ ምልሰት፣ ንግር፣ ልብ ሰቀላ፣ ተሳቢ፣ ተውሳከ ግስ... በሦስት ሳምንት ሁሉንም ወጣኋቸው። ካርዱን አሳዩኝ፣ እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ። ጽሑፍ ስጡኝ፣ ባዶ። ስማቸውን አውቃለሁ፣ መንገድ ላይ ባገኛቸው ግን አለያቸውም።

ከዚያ የባሰ መጣ። በምልክት ማደን ጀመርኩ። ተነጻጻሪ ዘይቤ "እንደ" በሚል ቃል ይታወቃል ተብያለሁ፤ እንግዲያው "እንደ" ባየሁ ቁጥር ማስመር ነው። አንድ ገጽ ላይ 7 ጊዜ አሰመርኩ። ትክክል የነበሩት 2 ናቸው። "ድምፁ እንደ ነጎድጓድ አስተጋባ" ካለ አዎ፣ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። "እንደነገርኩህ" ግን ምንም አያነጻጽርም። "እንደገባ ተኛ" የጊዜ ጉዳይ ነው፣ ገና ከመግባቱ ለማለት ነው። "እንደሚመጣ አውቃለሁ" ላይ ያለው ሥራው ሁለት ሐሳብ ማያያዝ ነው። "እንደ መምህር ልምከርህ" ያለው ሰውዬ ደግሞ በእርግጥ መምህር ከሆነ ሚናውን እየነገረን ነው፣ ዘይቤ የለበትም፤ ካልሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህንን አንድ "እንደ" የሚሉት ቃል ለመለየት ስል ብቻ ከሁለት ሳምንት በላይ ያጠናሁትን ሰዋስው እንደ አዲስ ከፈትኩ። ያኔ ነው ሰዋስውና ዘይቤ የሁለት መምህራን ሁለት ትምህርት እንዳልሆኑ የገባኝ።

ሦስተኛው ስህተቴ ነው ግን ያስተማረኝ። አንድ አጭር ልቦለድ ተሰጠንና ተንትኑ ተባልን። እኔ "በመጀመሪያው አንቀጽ ሰውኛ ዘይቤ አለ፤ በሁለተኛው ግነት አለ፤ በአራተኛው ምልሰት አለ" (ሰውኛ ግዑዙን እንደ ሰው ማድረግ፣ ግነት ማጋነን፣ ምልሰት ታሪኩን ወደ ኋላ መመለስ ነው) እያልኩ ሦስት ገጽ ሞላሁ። አንድም አልሳትኩም፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። መምህራችን ሲመልሱልኝ ግርጌው ላይ የጻፉት አንዲት ቃል ናት፦ "እና?"

ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ደግሜ ሳነበው የሠራሁት የዕቃ ቆጠራ መሆኑ ታየኝ። ወንበር 4፣ ጠረጴዛ 1፣ ሰውኛ 2። ማን ይቀመጥባቸዋል? ለምን ተገዙ? የለም።

አሁን የምሠራበትን ዘዴ ያገኘሁት ከዚያች "እና?" ነው። ዘዴው አንድ ነገር ባየሁ ቁጥር ነቅዬ ማየት ነው። ሌላ ቃል ተክቼበት፣ ወይም ቅደም ተከተሉን አዛብቼ፣ ወይም ጭራሽ አውጥቼው አነበዋለሁ። ምን ጎደለ? የጎደለው ነገር ነው መልሱ። ስሙ ኋላ ይመጣል።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁላችንም የምናውቀውን "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን ውሰዱ። መጀመሪያ ሐሳቡን ብቻ አውጡት፦ "ደካሞች ከተባበሩ ብርቱውን ማሸነፍ ይችላሉ።" ትርጉሙ አልጎደለም። ግን ይሄን ማን ያስታውሳል? አሁን በጥቂቱ ንቀሉ። መጨረሻውን "ያስራል" አድርጉት፦ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።" የቀየርነው የአንዲት ቃል ጭራ ነው፣ ግን ወለቀ። ለምን? "ቢያብር" እና "ያስር" በ"ር" ይገጥሙ ነበር፤ "ያስራል" ሲሆን ግጥሙ ፈረሰ። ተረቱ ቤት ለመምታት ብሎ የግሱን ጭራ ቆርጦታል፣ ሰዋስውን ለድምፅ ሠውቶታል ማለት ነው። ደግሞ ሚዛኑን ተመልከቱ። ሁለት ቃል፣ ከዚያ ሁለት ቃል። "ድር ቢያብር አንድ ትልቅ አንበሳ ያስር" ብትሉት ወዲያው ያነክሳል። አሁን ደግሞ አንበሳውን በፍየል ቀይሩት። ድምፁም ሚዛኑም ብዙ አልተጎዳ፣ ግን ማን ይደነቃል? የድሩ ቅጥነትና የአንበሳው ግዝፈት በተራራቁ ቁጥር ነው ነገሩ የሚሠራው። እዚህ ላይ ግነት አለ ትላላችሁ። ድሩ ደካማ ሰዎችን፣ አንበሳው ብርቱውን ስለሚወክሉ ተለዋጭ ዘይቤም አለ ትላላችሁ። ሁለቱም ልክ ናችሁ። እኔና ጓደኛዬ "ግነት ነው"፣ "ተለዋጭ ነው" ተባብለን አንድ ሰዓት ሙሉ የተጨቃጨቅነው በከንቱ ነው። አንድ ሐረግ ሁለት ሦስት ሥራ ቢሠራ ምን ችግር አለው?

ካርዶቹን ጣልኳቸው። በምትካቸው አንድ ደብተር ያዝኩ። እያንዳንዱን ገጽ ሦስት ቦታ ከፈልኩት። በግራ ያገኘሁት ዓረፍተ ነገር፣ በመሀል ነቅዬ ያበላሸሁት ዓረፍተ ነገር፣ በቀኝ ምን እንደጎደለ። ስሙን የምጽፈው ከላይ ጠርዙ ላይ ነው፣ በትንሹ፣ ያውም ካወቅኩት። ፍቺ አልጽፍም። ፍቺ መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ የትም አይሄድም። ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ ራሴ ካነበብኩት ላይ ነው የማወጣው፤ ከዜና፣ ከማስታወቂያ፣ ሰው ከላከልኝ መልእክት። መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ምሳሌዎች ለማስረጃነት የተሠሩ ስለሆኑ በጣም ይታዘዛሉ። የዱሩ እንደዚያ አይታዘዝም።

ስሞቹን ለማስታወስ ደግሞ አንድ ነገር ረዳኝ፤ ፈልቅቆ ማየት። የእኛ ስያሜዎች አብዛኞቹ ሆዳቸውን ይናገራሉ። መቼት "መቼ" እና "የት" ናቸው፣ ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ። አያዎ "አይ" እና "አዎ" ባንድ አፍ ናቸው፣ እርስ በርሱ የሚጣላ የሚመስል አነጋገር። ዓረፍተ ነገር የነገር ማረፊያ ነው። የግዕዞቹ ይከብዳሉ ይባላል፣ ግን አንዴ ከተፈቱ አይረሱም። ተውሳክ ጭማሪ ነው፤ ተውሳከ ግስ ግሱ ላይ የሚጨመር፣ እንዴት ወይም መቼ እንደሆነ የሚነግር ነው። ተውላጠ ስም የስም ለውጥ፣ የስም ምትክ ነው። መስተጻምር አጣማሪ ነው። ራሱ ሰዋስው የሚለው ቃል በግዕዝ መሰላል ማለት ነው፤ ይሄን ሳውቅ ትምህርቱን ትንሽ ወደድኩት። የግሪኮቹም ቢሆኑ ሲፈለቀቁ ሥራቸውን ይናገራሉ። ሜታፎር ማሻገር ነው፣ ስሙን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው። ሃይፐርቦል አልፎ መወርወር ነው፣ የእኛ ግነት።

አንድ የሚያናድድ ነገር ልንገራችሁና ልለፍ። መጻሕፍት አይስማሙም። አንዱ የቃል ክፍሎች ስምንት ናቸው ይላል፤ ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምር፣ ቃለ አጋኖ። ሌላው ተውላጠ ስምን ከስም፣ መስተጻምርን ከመስተዋድድ ጋር ያስገባና ቃለ አጋኖን አስወጥቶ አምስት ያደርጋቸዋል። አንዱ ተነጻጻሪ የሚለውን ሌላው አነጻጻሪ ይለዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ትክክለኛውን ፍለጋ ብዙ ጊዜ አባከንኩ። አሁን ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ፣ ፈተና ካለ የመምህሩን እይዛለሁ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ሰዋስው ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዘለል አድርጎት ወደ ዘይቤ ይሮጣል። እኔም ሮጬ ነበር። ጽሑፍ ውስጥ ያለው ተንኮል ግማሹ ግሱ ውስጥ ነው ያለው ብል አላጋነንኩም።

ቦዝ አንቀጽን ውሰዱ። "ረስቶ"፣ "መጥቶ"፣ "አይቼ" የመሳሰሉት ናቸው። ድርጊት ይናገራሉ፣ ግን ዓረፍተ ነገር አይዘጉም። "ልጁ ደብተሩን ረስቶ" ብላችሁ ዝም ብትሉ ሰሚው "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላችኋል። እኔ "ቦዘነ" ከሚለው ጋር አያይዤ ነው የያዝኩት፣ ማሰር ላይ ሥራ ፈት ነው ብዬ። እሺ፣ ይሄ ለትንተና ምን ይረባል?

ጁሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ47 ዓመት ዜላ በሚባል ቦታ ካሸነፈ በኋላ ተናገረው የሚባለውን ታውቁታላችሁ፦ "መጣሁ፤ አየሁ፤ አሸነፍኩ።" በላቲኑ ሦስቱም ቃላት በአንድ ፊደል ጀምረው በአንድ ድምፅ ያልቃሉ። በአማርኛ መጀመሪያቸው አይገጥምም፣ መጨረሻቸው ግን ይቀራረባል፤ "አሸነፍሁ" ብንል ደግሞ ሦስቱም በ"ሁ" ይመታሉ። አሁን ንቀሉት። እንደ ተራ አማርኛ ተናገሩት፦ "መጥቼ አይቼ አሸነፍኩ።" ምን ሆነ? ሞተ! ሦስት ድል የነበረው አንድ ድል ሆነ። "መጥቼ" እና "አይቼ" ወደ ማሸነፉ የሚያደርሱ ደረጃዎች ሆነው ቀሩ። "መጣሁ፤ አየሁ፤ አሸነፍኩ" ላይ ግን ሦስቱም ማሰሪያ አንቀጽ ናቸው፣ እያንዳንዱ በራሱ ቆሞ ይጮኻል። መምጣቱ ብቻውን እንኳ እንደ ድል ይሰማል። ይሄን ሁለት ሥራ ፈት ግስ አስገብቶ ማጥፋት ይቻላል ማለት ነው። በመሀል "እና" አለመኖሩ ደግሞ የራሱ ስም አለው፤ ግሪኮቹ አሲንደተን ይሉታል፣ ያልታሰረ ማለት ነው።

ይሄን ባወቅኩ ሰሞን ያነበብኩትን ሁሉ ማሰሪያውን እየቆጠርኩ ነበር። አሥር ቦዝ አስከትሎ በአንድ ማሰሪያ የሚዘጋ ጸሐፊ አለ፤ ስታነቡት ትንፋሽ ያጥራችኋል፣ እንደ ሩጫ ነው። በየሁለት ቃሉ የሚያስር ደግሞ አለ፤ እንደ ምስማር ነው። ማንኛቸውም ስህተት አይደሉም። ግን አንድ ጸሐፊ አምስት ገጽ ሲሮጥ ቆይቶ ድንገት ሦስት ቃል ላይ ካሰረ፣ እዚያች ቦታ ላይ ቁሙ። የሆነ ነገር አለ።

እዚህ ላይ ከሌላ ቋንቋ የምንቀዳቸው ስሞች ሁሉ እኛ ጋ እኩል እንደማይሠሩም ተማርኩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ባደረጉት ንግግር "ህልም አለኝ" የሚለውን እየደጋገሙ ዓረፍተ ነገር ይከፍቱበታል። መጀመሪያ ላይ የሚመጣ ድግግሞሽ አናፎራ ይባላል። ወደ አማርኛ አምጡት። "አንድ ቀን እንዲህ እንደሚሆን ህልም አለኝ" ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ድግግሞሹ ከራስጌ ወደ ግርጌ ወረደ፤ ስሙም ተቀየረ፣ ኤፒስትሮፊ ሆነ። ውጤቱም ያው አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ሰሚው ቃሉን ይዞ የሚመጣውን ይጠብቃል፤ መጨረሻ ላይ ሲመጣ እንደ አዝማች ነው፣ ሕዝቡ አብሮ ሊለው ይችላል። ትርጉም ሥራ ስትተነትኑ ይሄን አትርሱ።

ሌላም አለ፣ ጽሑፋችን የማያሳየው። ማጥበቅና ማላላት። "ለእሱ ዋናው ነገር ዋና ነው።" ምን አነበባችሁ? ሁለተኛውን አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ትርጉም የለውም፣ አላልታችሁ ካነበባችሁት ሰውዬው ውሃ ውስጥ መዋኘት ይወዳል። ፊደሉ አንድ ነው። ቅኔ ውስጥ ሰምና ወርቅን የሚሸከመው ኅብር የሚባለው ቃል አንዳንዴ በዚህች ቀዳዳ ነው የሚሾልከው። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትተንትኑ፣ ድምፅ አውጡ። እኔ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለማወራ የተጨነቀልኝ ሰው ነበር፤ ችግር የለውም፣ ይለምዱታል።

ወደ ንግግር ጥበብ ልግባ። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሏቸዋል። ሎጎስ በማስረጃና በምክንያት፣ ፓቶስ በሰሚው ስሜት፣ ኢቶስ በተናጋሪው ታማኝነት። ይሄን በቃሌ ካጠናሁ በኋላ የት እንደምሞክረው ጠፋኝና በራሴ መልእክት ላይ ሞከርኩት። ሥራ ቦታ አንድ ፋይል ጠፍቶ ለኃላፊዬ የጻፍኩት ነበር፦ "በጣም ይቅርታ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፋይሉ ጠፋብኝ።"

ንቀሉ እንግዲህ። እንቅልፍ አለመተኛቴ ፋይሉን አይመልሰውም፣ ንጹህ ፓቶስ ነው። የሚያስቀው ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። "ፋይሉን አጠፋሁት" ብል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት፣ ማለትም አድራጊው፣ እኔ ነኝ፤ ፋይሉ ተሳቢ ነው፣ ድርጊቱ የሚደርስበት። "ፋይሉ ጠፋ" ስል ባለቤቱ ፋይሉ ሆነ፣ ራሱ ተነሥቶ የሄደ ይመስል። "ጠፋብኝ" ስል ደግሞ ይባስ ብዬ ተጎጂ ሆንኩ። ያቺ "ብኝ" የምትባል ቅጥያ ጥፋተኛውን ወደ ተበዳይ ትቀይረዋለች። "ብርጭቆው ተሰበረብኝ" የሚለውን ልጅ አስቡት፣ ማንም አላስተማረውም፣ ግን ያውቅበታል። የትኛውም የዘይቤ ዝርዝር ውስጥ "ብኝ" የሚል አላገኘሁም። ለእኔ ግን ከግማሹ ዝርዝር የበለጠ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ መግለጫ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ተደራጊ ግስ ነው። "ስህተት ተፈጽሟል" ይላል። በማን? ባለቤቱ የት ሄደ? ኢቶሱም የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው፤ አድራጊውን የደበቀ ሰው የቀረውን ቢናገርም እጠረጥረዋለሁ።

ለጽሑፍ ፈተና ወይም ለድርሰት የምትዘጋጁ ካላችሁ አንድ የአጻጻፍ ነገር ልንገራችሁ፣ ለእኔ ውጤት ያመጣልኝ ይሄ ነው። ስያሜውን መጀመሪያ ላይ አታስቀምጡት፣ ወደ መጨረሻ ውሰዱት። ለምሳሌ ይሄን እንተንትን፦ "በሩ ለቀናት ሳይከፈት ቆይቶ ሲገፋ አቃሰተ።" ቀጥሎ የቤቱ ባለቤት ታሞ አልጋ ላይ ይገኛል እንበል። የድሮው እኔ "አቃሰተ የሚለው ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ ሰውኛ ዘይቤ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ባሕርይ መስጠት ነው" ብሎ ነጥብ ይጠብቃል። የአሁኑ እኔ እንዲህ ይሞክራል፦ "በሩ ሲያቃስት ገና ያላየነውን የታመመ ሰው ድምፅ ቀድመን ሰማን፤ ስለዚህ ቀጥሎ የቤቱን ባለቤት አልጋ ላይ ስናገኘው አንደነግጥም፣ ቤቱ ነግሮናል። ሰውኛው ዘይቤ እዚህ ጋ ንግርም ሆኗል።" ንግር የሚመጣውን ቀድሞ መጠቆም ነው። ርዝመቱ ያን ያህል ልዩነት የለውም። ሁለተኛው ላይ ግን "እና?" ብሎ የሚጽፍ አይኖርም። "አቃሰተ"ን በ"ጮኸ" ብትቀይሩት ደግሞ ሕመሙ ይጠፋል፣ ድንጋጤ ይሆናል። ይሄን አንድ መስመር ከጨመራችሁ ጥሩ ነው።

የሞቱ ዘይቤዎች ላይ ግን አትድከሙ። የወንበር እግር፣ የጠርሙስ አንገት። አንድ ሰሞን እነዚህን ሁሉ ሰበሰብኩ፣ ደብተሩ ሞላ፣ ምንም አላገኘሁም። አንባቢው ሳያስተውላቸው የሚያልፋቸው ናቸው። ጸሐፊው ሆን ብሎ ካልቀሰቀሳቸው በስተቀር ተዉአቸው።

ምጸትና ሽሙጥን የምታምታቱ ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ምጸት አነጋገሩ ነው፣ የተባለውና የተፈለገው ተቃራኒ ሲሆኑ። ሽሙጥ ሐሳቡ ነው፣ ሰው ለመውጋት መፈለጉ። ፈተና ለወደቀ ሰው "ጎበዝ!" ማለት ሁለቱም ነው። በዝናብ በስብሶ ገብቶ "ምን የመሰለ ቀን ነው!" ያለ ሰው ግን የሚወጋው የለም፣ ምጸት ብቻ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ያልጨረስነው አንድ ክርክር አለ። "አዳራሹ አጨበጨበ።" እሷ ሰውኛ ነው ትላለች። እኔ አይደለም እላለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሰዎች አሉ፣ ያጨበጨቡት እነሱ ናቸው፣ ቤቱን ጠርቶ ነዋሪውን ማለት ነው፤ ሜቶኒሚ የሚባለው። "ግድግዳው አጨበጨበ" ቢባል እሺ። እሷ ደግሞ "አንባቢው ለአንዲት ሰከንድም ቢሆን አዳራሹ ራሱ ሲያጨበጭብ ካየው ሰውኛ ነው" አለችኝ። መልስ አላጣሁም፣ ግን የመጣልኝ መልስ ሁሉ የራሷን ሐሳብ የሚደግፍ ሆነ።

ትናንት ደግሞ ቀጠሯችን ላይ ሳትመጣ ቀርታ ማታ "ስልኬ ሞተብኝ" ብላ ጻፈችልኝ። እኔም ሳላንገራግር መለስኩላት፦ "ሞተ፣ የሞተ ሰውኛ ዘይቤ። ብኝ፣ ራስን ተጎጂ ማድረግ። ባትሪውን ያልሞላው ባለቤት፣ ከዓረፍተ ነገሩ ተሰውሯል።"

እስካሁን አልመለሰችልኝም። አናዳኋት ይሆን፣ ወይስ ስልኩ አሁንም ሞቶባት ነው?